በጫማ የሚረገጥ ምንጣፍ

አምባዬ ከሚንበረከክባቸው ቦታዎች ሁሉ አጥብቆ የሚፈራው የአውሮፕላኗን ወለል ነው። ቤተ ክርስቲያን የተንበረከከ ሰው ሲደክመው ይነሣል። አውሮፕላን ውስጥ የተንበረከከ ግን የሚነሣው አሮጌው ሙጫ ተፍቆ፣ ቆርቆሮው ተወልውሎ፣ አዲሱ ንጣፍ ተለክቶ፣ ተቆርጦና ተለጥፎ፣ ወንበሮቹም ወደ ቦታቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀጥ ብሎ መቆም የለም። ወንበሮቹ የሚታሰሩባቸው የብረት ሐዲዶች ደግሞ የሰው ጉልበት የት እንደሚያርፍ አስቀድመው የሚያውቁ ይመስላሉ።

ዕድሜው ወደ ስልሳ ተጠግቷል። ጎልማሳነቱን የጨረሰው በአውሮፕላኖች ሆድ ዕቃ ውስጥ ቆርቆሮ ሲጠግንና ብሎን ሲያጠብቅ ነው። አሁን የሚሠራው አንዲት አውሮፕላን ብቻ ላለችው አነስተኛ ድርጅት ነው። ባለ አንድ ሞተር ናት። ወንበሮቿ ሲነቀሉ ጆንያና የመድኃኒት ካርቶን ትጭናለች፤ ሲተከሉ በሽተኛና አስታማሚ ታሳፍራለች። የምታርፈው በደቡብ ምዕራብ ቆላ፣ ከብት እየተባረረ በሚለቀቅላት የሣር ሜዳ ላይ ነው። ወለሏ ያየውን መከራ የጭነት አይሱዙ ወለል አላየውም።

የጉልበቱ ሐኪም ባለፈው ዓመት ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ አይቶ፣ "ከእንግዲህ መንበርከክ የለም" ብሎታል። አብራው የሄደችው ባለቤቱ ሒሩት "ስግደትስ ዶክተር?" ብላ ጠየቀች። ሐኪሙም፣ "እግዜር ይቅር ይላል እናቴ፤ ጉልበት ግን ይቅር አይልም" አላት። ይህችን ነገር ሒሩት ለሰፈሩ ሁሉ አውርታታለች።

ሐምሌ ሲጋመስ ካፒቴን ትሕትና ጠራችው። ድርጅቱን የምትመራውም፣ አውሮፕላኗን የምታበረውም እሷው ናት፤ በዕድሜ ልጁ ትሆናለች።

"ጋሽ አምባዬ፣ ወለሉ እኮ አለቀ።"

"አውቃለሁ።"

"ሌላ ሰው ልፈልግ? ጉልበትዎ እንደማይሆን ነግረውኝ ነበር።"

"ሌላ ሰው የለጠፈውን መልሼ የምፍቀው እኔው ነኝ" አላት አምባዬ። "እኔው ልሥራው። ግን ንጣፉን ራሴ ልምረጥ፤ ለመምረጫም ጊዜ ስጪኝ። ከዚህ በኋላ እኔ በሕይወት እያለሁ ይችን ወለል የሚገልጣት ሰው እንዳይኖር ነው የምፈልገው።"

"እስከ አዲስ ዓመት ጊዜ አለዎት። ክብደት ብቻ አይጨምሩብኝ። እርስዎ ወለሉን ካከበዱብኝ፣ እኔ የማስቀረው አስታማሚ ነው።"

ለሒሩትም ማታውን እንዲሁ ብሎ ማለላት፦ ይህች የመጨረሻዋ ናት፤ ዳግመኛ የማልንበረከክበትን ነገር መርጬ እለጥፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቆሜ ብቻ ነው የምሠራው። ሒሩት መሐላውን ሰማች እንጂ አላመነችም።

ወለል መምረጥ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። አምባዬ ይችን አውሮፕላን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አልብሷታል፤ ሁለቱም ጊዜ ተሳስቷል። የመጀመሪያው የሱፍ ምንጣፍ ነበር። ሱፍ እሳት አያቀጣጥልም፤ ለእግር ለስላሳ ነው፤ የሞተሩንም ጩኸት ዋጥ ያደርጋል። ይሁን እንጂ የፈሰሰበትን ሁሉ ይጠጣል። ወተት ጠጣ፣ የዓሣ ውኃ ጠጣ፣ ከቁስለኛ የተንጠባጠበውንም ደም ጠጣ። አንድ ቀን ሲገልጠው ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት አብቅሎ አገኘው። ብረት ሲዝግ ቀልቶ ይጮሃል፤ አሉሚኒየም ግን እንዲህ ዱቄት እያበቀለ በዝምታ ነው የሚበላው። ሁለተኛው ልሙጥ ፕላስቲክ ነበር፣ በየቤቱ ወለል ላይ እንደሚነጠፈው ያለ፣ ግን ወፈር ያለ። ውኃ አልጠጣም፤ በዚያ ምትክ ውኃውን ፊቱ ላይ አቆመው። አንዲት ነርስ የግሉኮስ ከረጢት እንደያዘች ተንሸራታ ክንዷን ተሰበረች።

ስለዚህ በዚህ በሦስተኛው ጊዜ በምክር አልሄደም። ናሙና አስመጣ፦ አመድማ ቀለም ያለው ሱፍ፣ ልሙጥ ያልሆነ ሻካራ ፕላስቲክ፣ ፊቱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ ጉብታ ያለው ጥቁር ጎማ፤ አራተኛው ደግሞ አዲስ ነገር ነበር። ከሩቅ ሲያዩት የተሸመነ ምንጣፍ ነው። ቀረብ ብለው ሲዳብሱት ክሩ ፕላስቲክ ነው፤ ጀርባው ውኃ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ተደፍኗል። ቀለሙ ጥቁር ወይን ጠጅ ነው። አምባዬ ገና ሲነካው ወደደው። ስለወደደው ደግሞ ይበልጥ ተጠራጠረው።

አራቱም የእሳት ምርመራ ወረቀት ነበራቸው። እሱ ግን በዓይኑ ማየት ፈለገ። ከቤቱ ጓሮ ከየናሙናው ቀጭን ቀጭን ቁራጭ እየቆረጠ በፒንሳ አንጠለጠለ፤ ሻማ ከታች ለኮሰ፤ ሻማውን ሲያነሣ እሳቱ በራሱ ይጠፋል ወይስ ይቀጥላል፣ ቀልጦ የሚንጠባጠብ ነገር አለ ወይስ የለም ብሎ ተመለከተ፤ አራቱም አለፉ። ሒሩት ከመስኮት ሆና፣ "ሰው እንዳያይህ፤ ጥንቆላ ጀመረ ይሉሃል" አለችው። ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወስዶ አራቱንም ውኃ ውስጥ አሳደራቸው። ጠዋት ሳፋዋን የፈለገችው ሒሩት ልብሱን በባልዲ አጠበች።

እርጥቦቹን ከደረቆቹ ጋር ለማመዛዘን ሾላ ገበያ ወደ ጁነይድ ወረደ። ጁነይድ ከገበያው ጀርባ የሚኒባስ ወንበር የሚያለብስና የወለል ምንጣፍ ጠርዝ የሚሰፋ ወጣት ባለሙያ ነው። መኪናው ከነወንበሩ ሲመጣለት ወንበሩን አስፋልቱ ዳር አውርዶ ይገፈዋል፤ ማታ ሲመለስ ያ መኪና ሙሽራ ነው። ሚዛን ስላልነበረው ከጎረቤቱ ከበርበሬ ሻጯ ተዋሱ። እያንዳንዱ ናሙና የተመዘነው በማስነጠስ ነበር።

"ጋሽ አምባዬ፣ ይኼ ሱፍ እኮ የጠጣው እንደ ግመል ነው" አለ ጁነይድ ሚዛኑን እያየ።

"ተወው፤ ወድቋል። ጎማውን አምጣው።"

"ጎማው ሳይጠጣም ከባድ ነው። ይኼንን ለጥፈው አውሮፕላኗ ከተነሣች፣ የእኔም ሱቅ ይነሣል ማለት ነው።"

አምባዬ ሳቅ አለ። ጎማው የማይገደል ነገር ነበር፤ ጥፋቱ ክብደቱ ብቻ ነው። ሻካራው ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሻካራነቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ገና አልታወቀም። የተሸመነው ወይን ጠጅ ከሁሉም ቀለለ፤ ውኃውን አራግፈው ሲመዝኑትም እንደ ደረቁ ነበር። ጁነይድ ክንዱ ላይ አንጥፎ እያገላበጠ አየው።

"ይኼማ ይሰገድበታል።"

"ጥሩ ነው ማለትህ ነው?"

"ጥሩ? ይኼን ይዤ ጁምዓ ብሄድ ኢማሙ ነው የሚቀማኝ።"

አምባዬ ይህንን እንደ ምስጋና ወሰደው። ምስጋናም ነበር። በኋላ ሲያስበው ግን ጁነይድ ሁሉን ነገር ያን ቀን ነግሮት ኖሯል።

የቀረው ትልቁ ፈተና መረገጥ ነው። ላብራቶሪ ቢኖር ኖሮ የሚፈትግ ማሽን ያዞሩበታል፤ አምባዬ ማሽን የለውም፤ ያለው የእንጦጦ መንገድ ነው። ቤቱ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። በፍልሰታ ጾም ያ መንገድ ሰው ያፈሳል። ጠዋት ለኪዳን፣ ቀን ለቅዳሴ፣ ሲመለሱ ደግሞ የጠበል ጀሪካን ተሸክመው፣ በጭቃና በጠጠር። ከዚህ የተሻለ ማሽን ማን አለው? ሱፉ ስለወደቀ ሦስቱን ናሙናዎች፣ እያንዳንዳቸውን የአንድ እርምጃ ያህል፣ ደጁ ላይ መንገዱ በሚጠብበት ቦታ በተርታ አነጠፈ፤ ዙሪያቸውንም በምስማር መታ። ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ስለሆነ የሚረግጣቸውን አያይም። ማታ ማታ በባትሪ እያጎነበሰ ውጤቱን ብቻ ያያል። ለሒሩትም በየማታው አንድ ጥያቄ ነበረው፦ "የቀደደው ሰው አለ?"

"የለም" ትላለች።

ጾሙ ሲፈታ ነቅሎ አጠባቸው። ሻካራው ፕላስቲክ ፊቱ ጠፍቶ እንደ ልሙጡ ሆኗል፤ በሁለት ሳምንት እንዲህ ከሆነ በዓመት ምን ሊሆን ነው። ጎማው ጠጠር ቢነክሰውም አለ። ወይን ጠጁ ግን፣ አምባዬ ዓይኑን ማመን እስኪያቅተው፣ እንደመጣ ነበር። አንዲት ክር አልተነሣችም። ዝናቡ ያመጣው ጭቃ በእጁ አንዴ ሲያብሰው ጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር ዕድሜ ልኩን አይቶ አያውቅም። ቆሞ ቁራጩን ለሒሩት እያሳየ፣ እንዴት እንደተሸመነ፣ ጀርባው ለምን እንደተደፈነ፣ ክሩ ለምን እንደማይመዘዝ አንድ በአንድ አስረዳት። ሒሩት ሽንኩርት እየከተፈች፣ "ያምራል" አለችው።

ጁነይድ ጠርዙን ሰፋው። የተሸመነ ነገር ጠርዙ ካልታሰረ ይተረተራል፤ በተለይ በበሩ በኩልና በሐዲዶቹ ዳር። ለዚያ የሚበቃ ጥብጣብ በእጁ የነበረው ወርቃማ ብቻ ነበር፤ ለአንድ ባለ ሚኒባስ መጋረጃ ገዝቶት የተረፈው። "ያዝልቅልኝ እንጂ የፈለገው ቀለም ይሁን" አለ አምባዬ።

ጳጉሜን ሙሉ ተንበረከከ። ጉልበቱ ሥር ስፖንጅ አድርጎ፣ ስፖንጁ ሲሳሳ ሌላ ደርቦ፣ እየፋቀ፣ እየጠረገ፣ ከበሩ ወደ ጭራዋ እየተሳበ ለጠፈ። ሥራው ሲያልቅ መነሣት አቃተው። የበሩን ጠርዝ ይዞ፣ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ እስኪለቀው ጠበቀ። ዞር ብሎ አየው፦ ወይን ጠጅ ወለል፣ ዙሪያውን ወርቃማ ክፈፍ፣ አንድም ሽብሽብ የለበትም። "በቃ" አለው በልቡ። "አንተም እኔን አታገኘኝም፤ እኔም አንተን።"

አውሮፕላኗ ከአዲስ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲሱ ወለል ወደ ቆላው በረረች፤ ወንበሮቿን እንደተከለች፣ በሽተኞችን ልታመጣ ባዶዋን ሄደች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ቦሌ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ሲሚንቶው ረጥቧል። አምባዬ ጎማዋ ሥር ድንጋዩን አስደግፎ ሲቃና በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወረደው ሽማግሌ ባዶ እግሩን ነበር። አምባዬ ነገሩን ልብ አላለውም። ሁለተኛዋ ሕፃን ያዘለች ሴት ናት፤ እሷም ባዶ እግሯን። ሦስተኛው ኮትና ክራቫት ያደረገ የጤና ባለሙያ ነበር፤ ቀዩ ካልሲው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ አምባዬ ቀና አለ።

"ጫማችሁስ?" አለች ካፒቴን ትሕትና ከመሪዋ ወርዳ፤ እሷም ገና ማየቷ ነበር።

ባለ ኮቱ ሰው ወደ ደቡብ እያመለከተ "እዚያ" አላት።

በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸ። የማረፊያ ሜዳው ጠባቂ ነው። ድምፁ ጮክ ያለ ስለሆነ ሁሉም ሰማው፦ "ካፒቴን፣ ሜዳው ዳር ጫማ ተደርድሯል። የሞተሩ ነፋስ ሁለቱን ወስዶብኛል። ሰዎቹ የት ገቡ?"

በአምቡላንሱ የሄዱት በሽተኞቹ ናቸው። አስታማሚዎቹ ሁለተኛ መኪና እስኪመጣ በአውሮፕላኗ መጠለያ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አምባዬ ከዕቃ ማስቀመጫው ነጠላ ጫማውን አውጥቶ፣ ዕድሜዋ ከእሱ ብዙም የማያንስ፣ ሻርፗን አገጯ ሥር ያሰረች ሴት እግር ሥር አደረገላት። ሰዓዲያ ትባላለች፤ የመጣችው እህቷን ለማስታመም ነው። ከስልጤ ከባሏ ጋር ለንግድ ቆላ ወርዳ እዚያው የኖረች፣ አማርኛዋ የነጋዴ አማርኛ የሆነ ሴት ናት።

"ያንን ምንጣፍ ያነጠፈው ማነው?" አለችው።

"እኔ ነኝ፣ እናቴ።"

"እጅዎ ይባረክ። የልጄ ሳሎን እንኳ እንዲህ ያለ የለም። ጠርዙ ራሱ።"

"ጫማዎን ለምን አወለቁ ታዲያ? እንደ መኪና እኮ ነው። ሰው ታክሲ ሲገባ ጫማ ያወልቃል?"

"ታክሲ መች ምንጣፍ ያነጥፋል?" አለችው በረጋ ድምፅ። "በሩ ጋ ደርሼ ጎንበስ ብዬ ሳይ ንጹሕ ምንጣፍ ነው። እግሬን ሳይ ጭቃ ነው። ልርገጠው? ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እኔ ሳወልቅ ከኋላዬ ያለው አወለቀ። ሽማግሌውማ እግራቸውን ሣር ላይ ጠርገው ነው የገቡ።"

"ካፒቴኗ አልከለከለቻችሁም?"

"እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ማሽኗን ታያለች። በሩን የዘጋልን ከብት የሚያባርረው ልጅ ነው።"

"ጫማዎ እዚያ መቅረቱንስ አላሰቡትም?"

ሰዓዲያ ነጠላ ጫማውን በእግር ጣቷ አንቀሳቀሰችው። "መስጊድ ስገባ ጫማዬን አስባለሁ? ስወጣ አገኘዋለሁ እላለሁ። መውጫው ሌላ አገር መሆኑን ማን አሰበ።"

ካፒቴን ትሕትና ከኋላው ቆማ ሰምታለች። ወደ ጎን ጠራችው።

"ይነሣ፣ ጋሽ አምባዬ። ነገ ጠዋት ያንሡትና ጥቁሩን ጎማ ያድርጉልኝ። የዝናቡ ትንበያ ለነገ በረራ አይመችም፤ ከነገ ወዲያ ነው የምወጣው፤ ይደርሳል።"

"ጎማው ከባድ ነው። አስታማሚ ታስቀሪያለሽ።"

"አንድ አስቀራለሁ፤ ምን ላድርግ። ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ግን አልጭንም። አንድ ነገር ሆኖ ጫካ ውስጥ ብወርድ፣ በዚያ እሾህ ላይ ነው ሩጡ የምላቸው። ጫማ አታውልቁ ብዬ ብናገርም ያፍራሉ፤ የሚያፍር ሰው ደግሞ ቢነግሩትም ያወልቃል። አየሁት እኮ፣ የጤና ባለሙያው ሳይቀር።"

አምባዬ አልተከራከረም። ልክ ናት። ሌሊቱን የሚያስበው ስለ ሙጫው ነበር። ገና ትኩስ ሙጫ ነው፤ አሮጌ ሙጫ ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ሙጫ ግን እንደ ማስቲካ ይሳባል። ጳጉሜን የፈጀበትን ለመፋቅ ከዚያ የረዘመ መንበርከክ ይጠይቃል።

ማታ ቤቱ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ሒሩት ፊቱን አይታ ሽሮውን ቀድማ አቀረበችለት። የሆነውን ነገራት። ስለ ጫማዎቹ ሲነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ መሳቋን መደበቋ ነበር።

"ልክ እንደ ደጃችን" አለች።

"ምን እንደ ደጃችን?"

"በፍልሰታ። ወይን ጠጁን ማን ረገጠው? ዘለውት ነው የሚያልፉት። ጀሪካን የተሸከሙት ሳይቀሩ። በጎማው ይረግጣሉ፣ በፕላስቲኩ ይረግጣሉ፣ እሱ ጋ ሲደርሱ ዘለል ይላሉ። አንዲቷ፣ 'የማን ስለት ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። ተሳልማው ያለፈች አሮጊትም አለች።"

አምባዬ እንጀራውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። "ሒሩት፣ ይኼን ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅኸኝ? አንተ የጠየቅኸኝ 'የቀደደው ሰው አለ?' ብለህ ነው። የለም አልኩህ። እውነት አይደለም?"

እውነት ነበር። አንዲት ክር ያልተነሣው ክሩ ጠንካራ ስለሆነ አልነበረም፤ ማንም ሰው ሊረግጠው ስላልደፈረ ነው። እሳቱን ፈትኗል፣ ውኃውን ፈትኗል፣ ክብደቱን እያስነጠሰ መዝኗል። ዋናውን ፈተና ግን ምንጣፉ ሳይቀመጥበት አልፏል፤ አምባዬም ሙሉ ነጥብ ሰጥቶታል። የሚቆይ ይሁን የማይቆይ እሱም አያውቅም።

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ናት፤ ወንፊት ልትዋስ መጥታለች። ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ያዘች።

"ኧረ ተይው፣ ግቢ" አለቻት ሒሩት። "ቤቱ አልተጠረገም።"

ጎረቤቲቱ ወለሉን አየች። ከደጃፉ እስከ አምባዬ ወንበር ድረስ የጭቃ ዱካ ተደርድሯል። ማሰሪያዋን ለቀቀች፤ ገባች፤ ወንፊቷን ይዛ፣ ስለ መብራት መጥፋት ትንሽ አውርታ ወጣች። አምባዬ አንድም ቃል አልሰማም። የገዛ ዱካውን እያየ ነበር።

"ሒሩት፣ እንዳትጠርጊው" አላት።

"እብድ" አለችው፤ መጥረጊያውንም አነሣች።

ጠዋት ሲወጣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ድንጋይ ለድንጋይ እየመረጠ የሚወርድበትን ቁልቁለት ዛሬ መሀል ለመሀሉን ሄደ። የእንጦጦ ቀይ ጭቃ ጫማው ሥር እየተደራረበ ቁመቱን ጨመረለት። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ አየው።

"ፋዘር፣ ጭቃውን ማራገፍ የለም እንዴ?"

"ለሥራ ነው የምፈልገው" አለው አምባዬ።

ረዳቱ ለሹፌሩ፣ "ለሥራ ነው የምፈልገው ይላል" ብሎ አስተላለፈ። እስከ ቦሌ ድረስ መሳቂያ ሆነ። ቅር አላለውም፤ ለመከራከርም አቅም አልነበረውም።

ካፒቴን ትሕትናን መጠለያው ውስጥ ማታውን ያስገዛችውን የጎማ ጥቅልል እየፈታች አገኛት። ሰላም ብሏት አለፈ። መሰላሏን ወጣ። ከበሩ ላይ አንድ እግሩን ወይን ጠጁ ላይ አሳረፈ። ጳጉሜን ሙሉ በጉልበቱ የሄደበትን ወለል፣ አንገቱን አጎንብሶ፣ በእግሩ ከዳር እስከ ዳር ረገጠው። ጭራዋ ጋ ደርሶ ዞረ፤ ተመልሶ ረገጠው። ጥብጣቡ ላይ ሲደርስ ጥቂት አመነታ። ከዚያ እሱንም ረገጠው።

"ጋሽ አምባዬ" አለች ትሕትና ከታች። "ደኅና ነዎት?"

"ሰው ጫማውን የሚያወልቀው ንጹሕ ነገር ሲያይ ነው" አላት በሩ ላይ ቁጭ ብሎ። "ሌላ ሰው በጫማው የገባበትን ቤት ካየ አያወልቅም። ከነገው በረራ በፊት እንዳታስጠርጊው። ነገ ካወለቁ፣ እኔ ራሴ አነሣዋለሁ፣ እፍቀዋለሁ።"

ትሕትና የጭቃውን ዱካ ለረጅም ጊዜ አየችው። "ባለፈው ሳምንት እንግዶች ወለሉን ፎቶ አንሥተውታል" አለች። "የሚያምር ወለል ብለው።"

"አዎ። ሌላም ልንገርሽ። የሚቆይ ነው ብዬሽ ነበር። አልፈተንኩትም። ደጄ ላይ ያነጠፍኩትን ቁራጭ ለካ ሰው ሲዘለው ነው የከረመ። ፈተናው የጀመረው አሁን ነው፣ በእኔ ጫማ።"

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን ስትናገር እንደ ካፒቴን ነበር፦ "ነገ አንድ ሰው ቢያወልቅ፣ ጎማው ይገባል።"

በማግሥቱ ወደ ቆላው የሚመለሱት ከሕክምና የተነሡ ሰዎች ነበሩ። ሰዓዲያም የአምባዬን ነጠላ ጫማ እንዳደረገች መጣች። የምትሄድ አይደለችም፤ የራሷን ጫማ ጠባቂው እንዲልክላት አደራ ልትል ነው። አግዳሚው ላይ አምባዬ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም በሩን ያያሉ። አምባዬ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ነበር፣ እንደሚለምናቸው ሁሉ።

መጀመሪያ የተነሡት ዓይናቸውን የታከሙ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ የጎማ ጫማ ተገዝቶላቸዋል። መሰላሉን ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ወርቃማውን ጠርዝ አዩ። ቀስ ብለው አጎነበሱ፤ እጃቸው ወደ ተረከዛቸው ሄደ። ሽማግሌው በተከፈተው ዓይናቸው ወደ ውስጥ አዩ፣ ወደ ቀዩ ጭቃ፣ ወደ ዱካው። እጃቸው ቆመ።

ቀና አሉና ከኋላቸው ላለው ልጃቸው ዞረው፣ "ይኼን ሁሉ ገንዘብ ተቀብለው የሚጠርግ ሰው እንኳ የላቸውም" አሉ፤ ከነጫማቸውም ገቡ።

ልጁም ገባ። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ሁሉም እግራቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ገቡ።

"ስድብዎን ሰሙት?" አለችው ሰዓዲያ።

"ሰማሁት፣ እናቴ" አለ አምባዬ። እግሩን ዘርግቶ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ ሞተሩ እስኪነሣም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።